ከእጀታው እንጨት ሥር

«የእህቴ ባል ነው ያበላሸው» አለ ሮዜር በስልክ። «አዎ፣ ምድር ቤት ወርዶ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎት። ፋብሪካ ይሠራ ነበርና ሁሉን የሚያውቅ ይመስለው ነበር።»

ሎሬት ይህን ስትሰማ በወንድሟ ሳሎን ውስጥ ተንበርክካ፣ አፏን በስፒል ሞልታ፣ የኤድዊዥን ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነበር። ኤድዊዥ የሮዜር ሚስት ናት፤ ለልጇ ሠርግ የገዛችው ቀሚስ አራት ጣት ያህል ረዝሞባት ወንበር ላይ ቆማለች። ስልኩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ቤቱ ደግሞ አንዱ ጓዳ ሆኖ ሲያስነጥስ ሌላው ከሳሎን ይማርህ የሚልበት ዓይነት ጠባብ ቤት ነው። አፉን በስፒል የሞላ ሰው መልስ መስጠት አይችልም። ሎሬትም አልመለሰችም፤ ጨርቁን አጠፈች፣ ስፒሉን ወጋች፣ ሌላ ከከንፈሯ መዘዘች። ኤድዊዥ ጣሪያውን ታያለች። ቅዳሜ ጠዋት ነው። መስኮቱ ሥር የተቆለለው የማርች በረዶ በመኪና ጭስ ጠቁሯል፤ ከትናንት ጀምሮ ምድጃ ውስጥ የገባው ቦሎቄ በአሳማ ስብና በሞላሰስ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ቺኮፒ ውስጥ በዚህ ቀን የፈረንሳዮች ቤት ሁሉ እንዲሁ ይሸታል።

የሚሸጠው የአባታቸው ሽጉጥ ነው። ሽማግሌው ኤልዜያር በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሲያገለግል ከወገቡ ያልተለየ፣ አንዴም ሰው ላይ ያልተተኮሰ ስድስት ጎራሽ ነው። የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት ሲሞት፣ ወንድ ልጅ ነውና፣ ለሮዜር ደረሰው። ሮዜርም ሳይውል ሳያድር የድሮ መሣሪያ ወደሚያውቅ ሰው ወሰደው። ሰውየው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አገላብጦ አየና፣ ይህ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አብሮት የተወለደ አይደለም፣ አንድ ሰው እንደገና ወልውሎ ቀብቶታል፣ እንደ ጥንቱ ቢሆን ዋጋው ሦስት እጥፍ ነበር አለው። ሮዜር ማንንም አልጠየቀም። የሎሬት ባል ኦቪላ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሽጉጥ ፋብሪካ ብረት ወልዋይ ነበር፤ በገዛ ቤቱም ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ መወልወያ ሞተር ነበረችው፤ የቤተ ክርስቲያኑን መቅረዝ ሳይቀር እያመጣ ያብለጨልጭ ነበር። ሽማግሌውም በሕይወት ሳለ «ኦቪላ አጸዳልኝ» ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ኦቪላ ለዚህ ሁሉ የነበረው መልስ አንድ ነው። «ምድር ቤት ውስጥ አልነካሁትም» ይልና እጁን ወደ ዳቦው ይዘረጋል። አስራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየገናው፣ በየፋሲካው፣ ሮዜር አንድ ሁለት ብሎ ነገሩን ባነሳ ቁጥር ይችኑ ብቻ አለ። ከዚያ የዛሬ ሁለት ክረምት ሳንባው ከዳውና ሞተ። ሎሬትን የሚያንገበግባት ግን የወንድሟ አፍ ብቻ አይደለም። እሷም አላመነችውም ነበር። ፊት ለፊት አልተናገረችም እንጂ፣ ሠርቶት ይሆናል፣ ደግ ያደረገ መስሎት ነክቶት አሁን አፍሮ ነው፣ ስትል ኖራለች። አንድ ጊዜ አልጋ ላይ ሆነው «እውነቱን ለእኔ ብቻ ንገረኝ» ብላው ነበር። «ነገርኩሽ እኮ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሮዜር ስልኩን ዘግቶ እጁን እያፋተገ ገባ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የከተማው ውሃ ክፍል ቧንቧ ሠራተኛ፣ ትከሻው የአባቱ፣ ድምፁም የአባቱ። ሎሬት ስፒሎቹን አንድ በአንድ ወደ ስፒል መሰኪያ ትራሷ መለሰችና ቀና አለች።

«መጥቶ የሚወስደው መቼ ነው?»

«ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ። ፕራት ይባላል፤ ባለፈው ሳምንት መጥቶ አይቶታል። በዘጠና ዶላር ተስማማን። ንጹሕ ቢሆን ሦስት መቶ ያወጣ ነበር፣ መቼም ታውቂያለሽ።»

«እንዴት አላውቅ። ስትነግረኝ አስራ ስድስት ዓመትህ ነው።»

ኤድዊዥ ወንበሩ ላይ ሆና ሳቋን ዋጠች። ሮዜር ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

«ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ልየው» አለች ሎሬት።

«ልትሰናበቺው? እይው፣ ማን ከለከለሽ። ብቻ ልቅሶ እንዳትቀመጪለት።»

ከመኝታ ቤቱ አምጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አስቀመጠላት፤ ጎራሹን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳያትና የመኪና መውጫውን በረዶ ሊዝቅ ወጣ። ሎሬት መነጽሯን ቀየረች። ሽጉጡን በደንብ ካየችው ብዙ ዘመኗ ነው። ሁሉም የሚያውቁት ከእጀታው ግርጌ፣ ከመለያ ቁጥሩ ጎን የተመታችውን ትንሽ ኮከብ ነበር። መቼ ጀምሮ እንደነበረች ማንም አያስታውስም፤ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በር ላይ የብረት ኮከብ ስላለ፣ የአባታቸውም ባርኔጣ ላይ ኮከብ ስለነበር፣ ኮከቧን ያየ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ፋብሪካው የራሱን ምልክት መታበት ብሎ አምኖ ኖረ። ሮዜርማ «ባለጸጎቹ የራሳቸው ያልሆነውን ዕቃ እንኳ ምልክት ሳያደርጉ አይተዉም» እያለ ይቀልድባት ነበር። ሎሬት ግን ዕድሜዋን በሙሉ የሙሽራ ልብስ ስታጠብብና ስታስረዝም የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗ የትኛው ስፌት ቀድሞ፣ የትኛው ኋላ እንደተሰፋ ያውቃል። የቁጥሮቹ ጠርዝ በእጅ ብዛት ደንዝዟል፤ የኮከቧ ጠርዝ ግን ስለታም ነው፣ ባረጀ ካፖርት ላይ በአዲስ ክር እንደተሰፋ እራፊ። ቀጥላ ጫፎቿን ቆጠረች። አምስት ናቸው። ለአባቷ እራት ስታደርስ በየቀኑ ከሥሩ የምታልፈው የፋብሪካው ኮከብ ስድስት ጫፍ ነበረው፤ በሩ ላይ ቆማ አባቷን ስትጠብቅ ጫፎቹን ትቆጥር ስለነበር አትረሳውም።

የዚያን ጊዜ ነው ኦቪላ ድሮ ያላት ነገር ትዝ ያላት። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ እሱ ደግሞ ስለ ሥራው ማውራት በጀመረ ቁጥር ጆሮዋን ለራዲዮኑ ነበር የምትሰጠው። ወደ ፋብሪካችን ለእድሳት የተመለሰ ዕቃ ሁሉ ምልክት ተመትቶበት ይወጣል፣ ከእጀታው እንጨት ሥር ደግሞ የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል፣ ነገ ማንም እንዳይዋሽበት፣ ብሏት ነበር። ከስፌት ሳጥኗ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ትንሽ ካቻቢቴ አወጣች። የእጀታው ብሎን እንቢ አለ። ኦቪላ እንዳስተማራት መጀመሪያ ፀጉር ታህል ወደሚጠብቅበት ገፋ አድርጋ ከዚያ መለሰችው፤ ተፈታ። እንጨቱ እጇ ላይ ሲወድቅ ከሥሩ የዘመናት ጉድፍና የኪስ ብናኝ ነበር። በቀሚስ ቁራጭ ጠራረገችው። በግራ በኩል ብረቱ ላይ ደቃቅ ምልክቶች ተመትተዋል፤ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ በውስጧ ሁለት ፊደላት፤ ከዚያ 11.55 የሚል ቁጥር፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል፣ 27።

ምን ማለት እንደሆኑ አላወቀችም። የሚያውቅ ሰው ግን ታውቃለች፤ ያቺ ሰው ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ሽጉጡን ቦርሳ ውስጥ ከትታ አውቶቡስ መሳፈር የማይታሰብ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ አንድ ዓመት እንደሚታሰር ከአዲሱ የመሣሪያ ሕግ ወዲህ ቺኮፒ ውስጥ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ ሎሬት በሙያዋ ያለውን አደረገች። ለቀሚስ ልክ ከምታወጣበት ስስ ወረቀት ቀደደች፣ ብረቱ ላይ አለበሰችው፣ እርሳሷን አጋድማ በስሱ አሻሸች። አራት ማዕዘኗ፣ ቁጥሮቹ፣ ነጥቧ ሳትቀር ነጭ ሆነው ወጡ። የግርጌውንም ኮከብ ከነቁጥሩ አነሳችው። እንጨቱን መልሳ ስታጠብቅ ኤድዊዥ ጫፉ በግማሽ በስፒል የታጠፈ ቀሚሷን እየጎተተች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምንም አላየሁም» አለች ኤድዊዥ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ቦሎቄው እስከ አስራ አንድ ተኩል አይደርስም» አለች።

ስፕሪንግፊልድ ድረስ አንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ኢንዲያን ኦርቻርድ ሰፈር ሌላ አውቶቡስ ነው። ሎሬት ወረቀቱን የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አጥፋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። የምትሄድባት ሴት ዜኖቢያ ትባላለች፤ ፖላንዳዊት ናት፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣ በሽጉጥ ፋብሪካው የተመላሽ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ምልክት ስትመታ የኖረች። ለኦቪላ ቀብር ጥቁር ፍሬ የተጠቀለለበት ጣፋጭ ዳቦ ይዛ መጥታ «ሻይ ልትጠጪ ነይ፤ ስለ እሱ የምነግርሽ አለኝ» ብላት ነበር። ሎሬት እመጣለሁ አለች። ሁለት ዓመት ሳትሄድ ቀረች። ለምን እንደቀረች ዛሬ አውቶቡሱ ላይ ለራሷ ነገረችው፤ የምትሰማው ነገር እሱን የሚያሳፍር እንዳይሆን ፈርታ ነው።

ዜኖቢያ የምትኖረው ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ደረጃው ገደል ነው፤ ቤቱ ግን ከሥር በሚመጣው የምድጃ ሙቀት የተነሳ ማሞቂያ ሳይከፈት ይሞቃል፣ እሷም ለዚህ ብላ ነው ልጇ ጋ አልሄድም ያለችው። በሩን ከፍታ ሎሬትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«የፈረንሳዩ ሚስት» አለች። «ውሃውን ከጣድኩት ሁለት ዓመት ሆነው። ተንኖ አለቀ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ ዜኖቢያ።»

«ግቢ፣ ግቢ። ፈረንሳዮች እንኳን ለሻይ ለቅዳሴም አትቸኩሉም።»

ሻዩ በብርጭቆ፣ ከሎሚ ቁራጭ ጋር መጣ። ሎሬት ወረቀቱን ዘረጋችው። ዜኖቢያ ከመሳቢያዋ አጉሊ መነጽር አውጥታ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ የምታነብ ይመስል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አየችው። ብዙ ቆየች። ከሥር የዳቦ ቤቱ ሬዲዮ ይሰማል። ከዚያ ጣቷን ኮከቧ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ የእኔ እጅ ናት» አለች። «ወደ ግራ ዘመም ብላለች፣ አየሻት? ግራኝ ነኝ። አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዜኖቢያ ኮከብሽ ሰክሯል ይለኝ ነበር።»

ከዚያ እየጠቆመች ነገረቻት። ኮከቧ ማለት ይህ ዕቃ ወደ ተሠራበት ቤት ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። አራት ማዕዘኗ ደግሞ፣ በደንቡ መሠረት ተወልውሎ እንደገና ተቀብቷል፤ ቤት ውስጥ የሠራው ሰው ይህችን ከየትም አያመጣትም። 11.55 ኖቬምበር ሃምሳ አምስት ነው፣ ሥራው ያለቀበት ወር። ሎሬት በጣቷ ቆጠረች፤ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ አባቷ ከመሞቱ ስምንት ዓመት በፊት። «ታዲያ ይሄስ?» ብላ ሃያ ሰባቷን አሳየቻት። ዜኖቢያ አጉሊ መነጽሯን አስቀመጠች።

«ወልዋዮቹ እያንዳንዳቸው ቁጥር ነበራቸው፤ ሥራቸው ከተበላሸ ተመልሶ እነሱው ዘንድ እንዲመጣ። ሃያ ሰባት ማን እንደሆነ አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ? ቱታው ደረት ላይ ተጽፎ አልነበረም?»

ተጽፎ ነበር። ሎሬት ያን ቱታ ስንት ሺህ ጊዜ አጥባዋለች። ቁጥሩን የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ቁጥር ነው ብላ ነበር የምታስበው።

«እሱ ነው የሠራው ማለት ነው?»

«ማን ሊሠራው ኖሯል? ያን ዓመት በኦገስት ጎርፍ አልነበረም? ሽጉጡ በአባትሽ ምድር ቤት ውሃ ውስጥ ሦስት ቀን ከርሞ፣ ዝገት በልቶት፣ ቀይ አፈር መስሎ ነው ያመጣው። የቤተሰብን ዕቃ ራስህ አትሠራም የሚል ደንብ ነበረ፣ ለማዳላት እንዳይመች። ለመነኝ። ሌላ ሰው ከሠራው ቸኩሎ ጽሕፈቱን ያጠፋዋል፣ ጠርዙን ያደነዝዘዋል፣ ሽማግሌው ደግሞ እንዲህ ሆኖ ካየው ይሞታል አለኝ። እሺ በምሳ ሰዓትህ ሥራው፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ አልበላም። የበላሁለት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሥጋው ይባክን ነበር። ሰናፍጭ ግን ታበዢ ነበር፣ ልጄ።»

ሎሬት ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ሳቁን ተከትሎ እንባዋ መጣ። ያን ኖቬምበር ኦቪላ «ሰናፍጩን ቀንሺው» ብሏት ነበር፤ ሰናፍጭ እንደ እህል የሚበላ ሰው ምን ነካው ብላ ተገርማ ነበር። ቀንሳለት ነበር። ዜኖቢያ መሐረብ አላቀረበችላትም፤ ዳቦ ቆርሳ ፊቷ አስቀመጠችላትና እስክትጨርስ ጠበቀች።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች ሎሬት በመጨረሻ። «ወንድሜ እዚያ ጠረጴዛ ላይ በየዓመቱ ሲያዋርደው።»

«እሱን ልነግርሽ ነው ነይ ያልኩሽ። የጎርፉ ዕለት ሽማግሌው ሽጉጡ ያለበትን ሳጥን ከምድር ቤት አውጣ ብሎ ያዘዘው ወንድምሽን ነው። ልጁ ረሳው፣ ወይ ሌላ ነገር አስቀደመ፣ እንጃ። አባትሽ ለልጁ ሳጥኑ ምንም አልሆነም ብሎ በጓሮ ለፈረንሳዩ ሰጠው። ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንድ ነገር ከተናገሩት ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ የሚዞር ልጅ ነው፣ እንዳይሰማ ብሎ ባልሽን ቃል አስገባው። ሰው ቢጠይቅህስ ምን ትላለህ አልኩት። ምድር ቤት ውስጥ አልነካሁትም እላለሁ አለኝ። እውነት ነው፣ አልነካውም።»

ስትመለስ መልሱን አውቶቡሱ ላይ መቶ ጊዜ ደጋገመችው። ምድር ቤት ውስጥ አልነካሁትም። አንዲት ውሸት ሳይዋሽ፣ አንድ ሰው ሳያሳጣ፣ አስራ አራት ዓመት። ያፈረችው በእሱ አልነበረም፤ በራሷ ነበር፤ ሆኖም ከዕፍረቷ የበለጠው ደስታዋ ነው፣ መደበቅም አልፈለገችም። አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ ቀና ብሎ ሲያያት ፈገግ አለችለት። እንዲህ ያለ ሰው ሃያ ስምንት ዓመት አብሯት እንደኖረ ማወቅ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ስጦታ ነው፤ አመሰግንሃለሁ የምትለው ሰው አለመኖሩ ብቻ አንጀቷን በላት። መስኮቱን እያየች በልቧ አለችው።

ቺኮፒ ስትደርስ ግን ሌላ ነገር ከፊቷ ተደቀነ። ሁሉን ለሮዜር ብትነግረው፣ ኦቪላና አባቷ እስከ መቃብር የጠበቁትን ነገር በአንድ እራት ላይ ልታፈርሰው ነው። ዝም ብትል ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ፕራት መጥቶ ሽጉጡን ሲወስድ «የእህቴ ባል ያበላሸው» የሚለው ስም አብሮት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያነሳውም የሚጥለውም የለም። ከማቆሚያው እስከ ቤት ድረስ ያለውን ሦስት መንገድ በቀስታ ተራመደች። ብረቱ የተናገረውን ብቻ ልናገር፣ ብረቱ ያላለውን እኔም አልልም፣ ብላ ወሰነች።

ቦሎቄው ደርሶ ነበር። ሮዜር እጅጌውን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል፤ ሽጉጡ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከአኮርዲዮኑ ጎን ይጠብቃል። ከእራቱ በፊት ፕራት እንዳይደርስ ሰዓቱን እያየ ነበር። ሎሬት ካፖርቷን ሳታወልቅ ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አደረገችለት።

«መነጽርህን አድርግ» አለችው።

«ምንድነው? የቀሚስ ልክ ነው?»

«የአባዬ ሽጉጥ ነው። ከእጀታው እንጨት ሥር ያለው። ኮከቡ የጨርቃ ጨርቁ አይደለም፣ የሽጉጥ ፋብሪካው ነው። ለእድሳት ገብቶ በደንቡ ተሠርቶ ወጥቷል ማለት ነው። የመታችው ሴትዮ በሕይወት አለች፣ ዛሬ ሄጄ ጠየቅኳት። ሃያ ሰባት የወልዋዩ ቁጥር ነው። የኦቪላ ቁጥር ነው። በምድር ቤት ሳይሆን በፋብሪካው ነው የሠራው። ቀኑም አለልህ።»

ሮዜር ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሎሬት ምን እንደሚል ታውቀዋለች፣ ያው ነክቶታል አይደል ወይ ሊል ነው። ግን ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ወረደ። አስራ አንድ፣ ነጥብ፣ ሃምሳ አምስት። ወረቀቱን ራቅ አደረገው፣ መልሶ አቀረበው። ኤድዊዥ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። የምድጃው ብረት እየቀዘቀዘ ቋ ቋ ይላል። ሎሬት ጎርፍ የሚለውን ቃል አላነሳችም። ሮዜር ቀስ ብሎ ራሱን አዞረና ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን አኮርዲዮን አየ። ቀይ ነው፣ ጠርዙ ላይ የውሸት ዕንቁ የተለጠፈበት፣ በአስራ ስምንት ዓመቱ ጋዜጣ አድሎ የገዛው፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠብታ ውሃ ነክቶት አያውቅም።

«ሁለቴ ነው የተመላለስኩት» አለ። ድምፁ ያባቱ መሆኑ ቀርቶ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነ። «መጀመሪያ አኮርዲዮኑን። ከዚያ ለአኮርዲዮኑ ማስቀመጫ ተመለስኩ። ሦስተኛ ስሄድ ውሃው ደረጃው ጋ ደርሶ ነበር። አባዬ የእኔን ሳጥን አስቀድም ብሎኝ ነበር፣ እታለም። ማታ ስጠይቀው ምንም አልሆነም አለኝ። አመንኩት።»

«ልጅ ነበርክ።»

«ኦቪላ ያውቅ ነበር?»

ብረቱ ይህን አላለም። ሎሬት ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችው፣ ተቀመጠች። ወንድሟ ዓይኗን እያየ ነው፤ በዚህ ዓይን ፊት መዋሸት ኦቪላም የሚፈልገው አልመሰላትም።

«ያውቅ ነበር» አለችው።

ሮዜር በእጁ ፊቱን ከላይ እስከ ታች አበሰ። «በየአዲስ ዓመቱ ያን አኮርዲዮን አውርደው ይለኝ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ እሱ ነበር የሚጠይቀኝ።»

«ስለሚወድህ ነው» አለች ሎሬት። «አጨዋወትህን ግን አይወደውም ነበር። ይህን ለእኔ ነግሮኛል።»

ኤድዊዥ ሳቀች፤ ሮዜርም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ዓይኑ ሞላ። ለአስራ ሁለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የስልኩ መዘውር ሰባት ጊዜ ሲዞር ሁለቱ ሴቶች ቁጭ ብለው አዳመጡ።

«ሚስተር ፕራት፣ ሮዜር ነኝ። አይምጡ» ሲል ሰሙት። «የለም፣ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ግርጌው ላይ ያለችውን ኮከብ ባለፈው ሳምንት ሲመጡ አይተዋታል፣ የፋብሪካው እድሳት ምልክት መሆኗንም ያውቁ ነበር፣ አይደል?... ይሁን ግድ የለም፣ አልቀየምዎትም፤ እኔም አስራ ስድስት ዓመት አይቻት አላየኋትም... አይ፣ አልሸጠውም። ለማንም አልሸጠውም።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ፕራት እንዲሰማው ብቻ አልነበረም። «የእህቴ ባል ነው የሠራው።»

ሎሬት ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠች ይህን ሰማች። አሁን አፏ ውስጥ አንድም ስፒል አልነበረም፤ ሆኖም መናገር አቃታት።